ልክህን እወቅ

ከጎልፍ ዱላ እስከ ዶርዜ የሽመና ጉድጓድ

በቋንቋችን «ልክህን እወቅ!» ሲባል ቁጣ ነው። አባት ልጁን ሲገሥጽ፣ አለቃ የበታቹን ሲያስፈራራ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲጣላ የሚናገረው ቃል ስለ ሆነ፣ ሲሰማው ደስ የሚለው ሰው የለም። ነገር ግን ቃሉን ከቁጣው ለይተን የተመለከትነው እንደ ሆነ ትልቅ ምክር ሆኖ እናገኘዋለን። የክንዱን ርዝመት፣ የእግሩን ቁመት፣ የመዳፉን ስፋት የሚያውቅ ሰው የሚይዘውን መሣሪያ መምረጥ ይችላል። ይህን የማያውቅ ግን በሌላ ሰው ልክ በተሠራ ዕቃ ሲታገል ይውላል፤ በመጨረሻም ጉድለቱ የመሣሪያው መሆኑ ቀርቶ የራሱ ይመስለዋል።

በአርባ ምንጭ ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ በቴሌቪዥን የጎልፍ ጨዋታ ተመልክቶ ኖሮ፣ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ዱላቸውን እንደ ኮትና ሱሪ በልካቸው ያሠራሉ የሚባለው እውነት ነው? ለዱላ ደግሞ ልክ ምን ያደርግለታል?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። መልሱን የፈለገ ሰው ከስኮትላንድ ሜዳ ቢነሣም፣ መድረሻው ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው።

ዱላውና ባለ ዱላው

ጎልፍ በአገራችን ብዙ ሰው የሚጫወተው ጨዋታ አይደለም። በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ይገኛል፤ ለአብዛኛው ወጣት ግን ጎልፍ ከሩቅ የሚታይ የባለጸጎች መዝናኛ ነው። ሕጉን በአጭሩ ለመናገር፣ ተጫዋቹ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ በሩቅ ወዳለ ጉድጓድ ያስገባል። ጥቂት ጊዜ መትቶ የጨረሰ ያሸንፋል። ለቅርብና ለሩቅ፣ ለሣርና ለአሸዋ የሚሆን እስከ 14 የሚደርስ ልዩ ልዩ ዱላ መያዝ ይፈቀድለታል።

ዱላው ኳሷን የሚነካበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ የዱላው ፊት በጥቂቱ የተጣመመ እንደ ሆነ፣ ኳሷ ሁለት መቶ ሜትር ተጉዛ ስትወድቅ ስሕተቱ ብዙ እርምጃ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ የዱላ ልክ ጉዳይ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ነገሩም አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1502 የስኮትላንድ ንጉሥ አራተኛው ጄምስ የጎልፍ ዱላ የገዛው ፐርዝ በምትባል ከተማ ከሚኖር ቀስት ሠሪ እንደ ሆነ በቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ቀስት እንደ ተኳሹ ክንድ የሚሠራ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ንጉሡ ወደ ቀስት ሠሪ መሄዱ ተገቢ ነበር። በኋላ ግን የፋብሪካ ዘመን መጣ። የብረት ዘንግ ያለው ዱላ በብሪታንያ በ1929 በጨዋታው ሕግ ከተፈቀደ ወዲህ፣ በአንድ ልክ የተሠራ ዱላ በየሱቁ እየተደረደረ ይሸጥ ጀመር። ረጅሙም አጭሩም ያንኑ ገዝቶ ሰውነቱን ከዱላው ጋር ለማስማማት ይጎብጥ፣ ይንጠራራም ነበር። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም፣ በ1959 የጀመረውን የዱላ ሥራ ካስፋፋ በኋላ፣ በ1972 ዱላዎችን እንደ ተጫዋቹ ልክ በቀለም ምልክት የሚለይ ሠንጠረዥ አወጣ። የቀድሞው የቀስት ሠሪ ጥበብ በፋብሪካው ውስጥ እንደ ገና ተወለደ ማለት ነው።

የዱላ ለኪው የሚመለከታቸው ዋና ዋና ነገሮች አራት ናቸው።

አንደኛው ርዝመት ነው። ለኪው የሰውየውን ቁመት ብቻ ጠይቆ አይተውም፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ከእጁ አንጓ እስከ ወለሉ ድረስ ያለውን ይለካል። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ የአንዱ እጅ ወደ ጉልበቱ ሲጠጋ የሌላው ከጭኑ መካከል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በቁመት እኩል የሆኑ ሁሉ በዱላም እኩል አይሆኑም።

ሁለተኛው የዱላው ራስ ከዘንጉ ጋር የሚሠራው ማእዘን ነው። ማእዘኑ ለሰውየው የማይስማማ በሆነ ጊዜ የዱላው ራስ በምቱ ሰዓት መሬቱ ላይ ተስተካክሎ አይቀመጥም። በቀኝ ለሚመታ ሰው፣ የራሱ ጫፍ ወደ ላይ ተነሥቶ ከሆነ ኳሷ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ጫፉ መሬት የሚጭር ከሆነ ደግሞ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ተጫዋቹም ምቱ የተበላሸ መስሎት ደኅናውን ምት ለማረም ሲደክም ይኖራል።

ሦስተኛው የዘንጉ መተጣጠፍ ነው። በዝግታ ለሚወነጭፍ ለስላሳ ዘንግ ይረዳዋል፤ በኃይልና በፍጥነት ለሚወነጭፍ ደግሞ ጠንካራ ዘንግ ይሻለዋል። አራተኛው የመያዣው ውፍረት ነው። መያዣው ለመዳፉ ቀጭን የሆነበት ሰው እንዳያመልጠው ጨምቆ ይይዛል፤ በጣም የወፈረበትም አንጓውን እንደ ልብ ማዞር አይችልም።

በእርግጥ በልክ የተሠራ ዱላ ሰነፉን ባለሙያ አያደርገውም። ከጥቅሙ ዋነኛው፣ ሰውየው ከገዛ ዱላው ጋር መታገሉን ትቶ ድካሙን ሁሉ በጨዋታው ላይ እንዲያውል ማድረጉ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ስሕተት በሠራ ጊዜ ስሕተቱ የራሱ መሆኑን በእርግጥ ያውቃል፤ ስለዚህም ሊያርመው ይችላል።

በገና ሜዳና በሮም ጎዳና

በዱላ ኳስ መምታት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ በገና ዕለት በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ወጣቶች በሜዳ ተሰልፈው፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራችውን ሩር ቆልማማ ጫፍ ባለው ዱላ ይመታሉ። ለዚህ የሚሆነው ዱላ ከዛፍ ላይ ተመርጦ የሚቆረጥ ነው። ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ይፈለጋል፤ ልጣጩ ይላጣል፤ ርዝመቱም በሚጫወተው ሰው ቁመት ይቆረጣል። የታላቁን ዱላ የተዋሰ ታናሽ ወንድም ዱላው ከመሬት ጋር እየተሰናከለ ሲያስቸግረው ያላየ አይኖርም። ይህ ልጅ ስለ ማእዘንና ስለ ርዝመት ማንም ሳያስተምረው በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ዱላ ይቆርጣል።

የማይስማማ መሣሪያ ከመያዝ ባዶ መሆን የሚሻልበት ጊዜም አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዓለም ተደነቀ። ብዙዎች ነገሩን በድህነት ተርጉመውት ነበር። ነገር ግን በሮም የተገኘው ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው፣ ቀድሞም በባዶ እግሩ ይለማመድ ስለ ነበረ፣ ጫማውን መተው የባለሙያ ውሳኔ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደ ገና አሸነፈ። እንግዲህ አበበ ጫማን የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ የማይሆነውን ጫማ ከሚሆነው የሚለይ ሰው ነበር እንጂ።

የሸማኔው ጉድጓድ

አሁን ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘ ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለው የዶርዜ አገር ይደርሳል። አባያና ጫሞ ሐይቆች ከበታች ይቀራሉ። የሙዙ ተክል አልቆ እንሰት፣ ቀርከሃና ገብስ ይተካል፤ አየሩም ጋቢ ያስፈልገዋል። የዶርዜ ቤት ራሱ ከቀርከሃ የሚጎነጎንና በእንሰት ሽፋን የሚከደን ነው። ምስጥ ሥሩን እየበላው ቤቱ ዓመት በዓመት ዝቅ ይላል፤ ካስፈለገም ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። ቤቱን እንደ ቅርጫት መጎንጎን የሚችል ሕዝብ በሽመና ቢታወቅ የሚያስገርም አይደለም።

ሴቶቹ ጥጡን ፈልቅቀው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። በአዲስ አበባም በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ ነጠላ፣ ጋቢና ጥበብ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው።

የሽመናው ዕቃ ለዓይን ቀላል ነው፤ ጥቂት እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ገመድና ክር ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል። መርገጫዎቹን በእግሩ ጣቶች ይዞ አንዱን ሲጫን ከድሩ ግማሹ ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል። በመካከል በተከፈተው መንገድ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ይወረውራል። ከዚያም መምቻውን ወደ ራሱ ስቦ ማጉን ያጠጋጋዋል፤ ሌላውን መርገጫ ይጫናል፤ መወርወሪያውን ይመልሳል። እጅና እግር እንዲህ እየተቀባበሉ ይውላሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልክ የማይገባበት ቦታ የለም። ጉድጓዱ የሸማኔው የእግር ርዝመት ነው። ጥልቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ ጉልበቱ ወደ ላይ ተነሥቶ ከተወጠረው ሸማ ጋር ይጋጫል፤ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ጣቶቹ መርገጫውን ለመያዝ ይንጠራራሉ፤ ወገቡም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ያለቀው ሸማ የሚጠቀለልበት እንጨት ከሆዱ የሚርቀው በክንዱ ልክ ነው። የራቀ እንደ ሆነ ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ይውላል። ድሩን ወጥሮ የያዘውን ገመድም ከመቀመጫው ሳይነሣ ሊያላላው እንዲችል በእጁ አጠገብ ያስረዋል።

የሸማውም ስፋት እንኳ የሸማኔው አካል ነው። በእጅ የሚወረወር ሸማ ስፋቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መወርወሪያውን በአንድ እጅ ወርውሮ በሌላው ለመቅለብ፣ ሁለቱ ክንዶች ትከሻ ሳይጨነቅ የሚከፈቱበት ስፋት ይኸው ነው። ከዚህ የሰፋ ጋቢ የፈለገ ሰው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ያሰፋል። በጋቢያችን መካከል የሚያልፈው ስፌት የሸማኔው ክንድ የሚያበቃበት ድንበር ነው ማለት ይቻላል። ርዝመቱንም ድሮ የምንለካው በክንድ እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ሸማ በወርድም በቁመትም ከሰው አካል የተቀዳ መሆኑን እንረዳለን።

አውሮፓውያንም በዚህ ድንበር ተይዘው ኖረዋል። ከአንድ ሰው ክንድ የሰፋ ጨርቅ ለመሸመን ሁለት ሸማኔዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው መወርወሪያውን ይቀባበሉ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ በ1733 ገመድ ሲሳብ በራሱ የሚወረወር መወርወሪያ ፈልስፎ ድንበሩን አፈረሰ። በአገራችንም ይህን የመሰለ የተሻሻለ የሽመና ዕቃ ለሸማኔዎች ሲተዋወቅ ቆይቷል። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ የክንድን ወሰን ቢያነሣም የእግርንና የወገብን ወሰን አላነሣም። ወንበሩ ከፍ ያለበት፣ መርገጫው የራቀበት ሸማኔ በዘመናዊ ዕቃ ላይ ተቀምጦ የጥንት ሕመም ይታመማል።

ትንሽ ስሕተት እንዴት ትልቅ እንደሚሆን በሒሳብ እንይ። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ 15 ማግ ይገባል እንበል። ሦስት ሜትር ሸማ ለመጨረስ መወርወሪያው 4,500 ጊዜ ይወረወራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ውርወራ ሸማኔው አንድ ስንዝር ያህል ያለ አግባብ ቢያጎነብስ፣ 4,500 ጊዜ አጎነበሰ። የጎልፍ ተጫዋቹ ዱላ ቢጣመምበት በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ያህል ቢመታ ነው፤ ጉዳቱም መሸነፍ ነው። የሸማኔው ጉዳት ግን ወገቡ ነው፤ ወገቡም እንጀራው ነው።

የአባት ጉድጓድ ለልጅ

የነገሩ ከባድ ክፍል እዚህ ላይ ይመጣል። ከጋሞ ደጋ ብዙ ልጆች «ትማራላችሁ፣ ሙያ ትለምዳላችሁ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው፣ ከትምህርት ቤት ይልቅ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተቀመጡ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሲመዘገብ ቆይቷል። ይህ ለሸማ ለባሾች ሁሉ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር የሚነሣው ስለ ድካሙ፣ ስለ ረኃቡና ስለ ተነጠቀው ትምህርት ነው፤ ትክክልም ነው። ሸማኔ የሆነ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። የአሥር ዓመት ልጅ ለትልቅ ሰው በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መርገጫውን አይደርስበትም፤ ስለዚህ በመቀመጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይሠራል። ክንዶቹ የሸማውን ስፋት አይሸፍኑም፤ ስለዚህ መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር መላ ሰውነቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ቀደም ብለን የቆጠርነውን 4,500 ውርወራ እናስታውስ። የትልቁ ሰው አጥንት ጸንቷል፤ የልጁ ግን ገና በማደግ ላይ ነው፤ እንደ ያዙትም ይቀራል። መሣሪያው በልጁ ልክ ሳይሠራ ልጁ በመሣሪያው ልክ ይሠራል።

በዶርዜ ቤት ልጅ ከአባቱ አጠገብ ሆኖ ሽመናን መልመዱ የኖረ ልማድ ነው፤ ክፋትም የለበትም። ቀሰም ይጠቀልላል፤ የተበጠሰ ክር ይቀጥላል፤ እየቆየም መወርወር ይሞክራል። ልጁ ትምህርቱን የሚማርና ሲደክመው የሚነሣ ከሆነ ይህ የሙያ ውርስ ነው። በባዕድ ቤት በትልቅ ሰው ዕቃ ላይ ከጧት እስከ ማታ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። በየቀበሌውና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ይህ አዋጅ በእጃችሁ ነው። ሸማ የምንገዛውም ሰዎች ዋጋውን ስንከራከር ማን እንደ ሸመነው ብንጠይቅ ነውር አይሆንብንም።

«መካከለኛ ሰው» የሚባል የለም

አንዳንዱ «ለእያንዳንዱ ሰው በየልኩ መሥራት አይቻልም፤ ለመካከለኛው ሰው ከተሠራ ለሁሉም ይሆናል» ይላል። ይህን አሳብ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1950 መረመረው። ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ 4,063 አብራሪዎች የተለኩበትን መዝገብ ይዞ፣ ቁመትን፣ የደረት ስፋትን፣ የእጅ ርዝመትንና እነዚህን የመሳሰሉትን አሥር ልኮች መርጦ፣ በአሥሩም መካከለኛ የሆነው ስንት እንደ ሆነ ቆጠረ። አንድም ሰው አልተገኘም። ለመካከለኛው አብራሪ ተብሎ የተሠራው መቀመጫ በእርግጥ ለማንም አልተሠራም ነበር። መፍትሔ የሆነው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል መቀመጫ ነው።

የእኛ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ከዚያ መቀመጫ በምን ይለያል? በአንድ ክፍል ውስጥ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅና ጢሙ ያቀመቀመ ጎረምሳ በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የአንዱ እግር በአየር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሌላው ጉልበት ጠረጴዛውን ያነሣዋል። እኛ መምህራን ደግሞ «ተስተካክለህ ተቀመጥ!» እንላለን። በምን ላይ ይስተካከል?

ልክ ቅንጦት አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚያስተምረው በዚሁ በአርባ ምንጭ ከተማ የአካል ተሐድሶ ማእከል የሚሠራው ሥራ ነው። እግሩን ያጣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራለት፣ ከተቆረጠው እግር በቀረው ክፍል ላይ በጄሶ የራሰ ፋሻ ተጠቅልሎ ቅርጹ ይወሰዳል፤ በዚያ ቅርጽ ላይ እግሩ የሚገባበት ክፍል ይሠራል። ልኩ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሳተ እንደ ሆነ ቆዳው ይቆስላል፤ ሰውየውም እግሩን አውልቆ በቤት ያስቀምጠዋል። የእግሩ መገኘት ብቻውን አላስኬደውም፤ የሚያስኬደው ልኩ ነው።

በእጃችን ያለው

«በልክ ማሠራት የገንዘብ ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። ለጎልፍ ዱላ እውነት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ግን ጉድጓዱን በልኩ ለማድረግ የሚያወጣው ገንዘብ የለም፤ አንድ እፍኝ አፈር ይጨምራል፣ ወይም ያወጣል። የሚበልጠው ወጪ ማሰብ ነው።

ስለዚህ በእጃችን ካለው እንጀምር። መምህራን አጫጭሩን ወንበር ከፊት፣ ረጃጅሙን ከኋላ አድርገን ተማሪውን በቁመቱ ብናስቀምጥ፣ እግሩ መሬት ለማይደርስ ልጅ ጣውላ ብናደርግለት የሚጠይቀን የአንድ ቀን ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ጸሐፊዎች ወንበራችሁን ፈትሹ። እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይረግጥ፤ ጉልበታችሁና ክርናችሁ እንደ ማእዘን ልክ ይታጠፉ፤ የኮምፒውተሩ መስኮት የላይኛው ጫፍ በዓይናችሁ ትክክል ይሁን። መስኮቱ ዝቅ ካለ ከሥሩ የቆየ መዝገብ ማስቀመጥ ይበቃል። የመቆፈሪያ እጀታ ሲገባ ከሱቅ የተገዛው ሁሉ ለሁሉ ይሆናል አትበሉ፤ አጭር እጀታ የረጅሙን ገበሬ ወገብ ያለ ዕድሜው ያጎብጣል። ለትምህርት ቤት ቡድን የስፖርት ጫማ ሲገዛም በመጀመሪያ የልጆቹ እግር በወረቀት ላይ ይነደፍ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠየቅ።

ሰው ክፉ መሣሪያንም ይለምዳል፤ ይህ ችሎታው የሚያስመሰግነው ቢሆንም የሚጎዳውም ይኸው ነው። የለመደውን ሕመም ተፈጥሮ ያደርገዋል፤ ያልቻለውን ሥራ «አልታደልኩም» ብሎ ይተወዋል። ስንት ተማሪ ጽሕፈቱ የተበላሸው ጠረጴዛው ደረቱ ድረስ ስለ ሚደርስ ይሆን? ስንት ልጅ ኳስ አይችልም የተባለው የወንድሙን ጫማ አድርጎ ስለ ሮጠ ይሆን? እንዲህ ያለውን ልጅ ከመውቀሳችን አስቀድመን የያዘውን ዕቃ እንመልከት።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ «ልክህን እወቅ» የሚለንን ሰው አንቆጣው። ሜትር እናምጣና ከአንጓችን እስከ ወለሉ፣ ከጉልበታችን እስከ ተረከዛችን፣ ከክርናችን እስከ ጣታችን ጫፍ እንለካ። ከዚያም በየቤታችን፣ በየክፍላችንና በየመሥሪያ ቤታችን ካሉት ዕቃዎች በማን ልክ እንደ ተሠሩ አንድ በአንድ እንጠይቃቸው። የማይሆነውን ማስተካከል የእኛ ፋንታ ነው።